ቤሊፍ በር ሳያንኳኳ፣ ካንኳኳም በኋላ

እንግሊዝ አገር መኪና የሚነዳ ሐበሻ ስለ ፓርኪንግ ቲኬት የማያወራበት ቀን የለም። ቲኬቱ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ «ደመወዝ ሲገባ እከፍለዋለሁ» ተብሎ መኪናው መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቤት ይቀየራል። ደብዳቤዎቹ ወደ ድሮው አድራሻ ይሄዳሉ፤ እዚያ ያለው ሰውም ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ይጥላቸዋል። ከወራት በኋላ አንድ ማለዳ ለሥራ ሲወጡ መኪናው ጎማ ላይ ክላምፕ ታስሮ፣ መስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ይጠብቅዎታል።

እዚህ የተጻፈው ለእንግሊዝና ለዌልስ ይሠራል። የስኮትላንድና የሰሜን አየርላንድ ሕግ የተለየ ስለሆነ እዚያ ያላችሁ ይህን ይዛችሁ እንዳትከራከሩ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙ፤ ቤሊፍ ዕዳ አስፈጻሚ እንጂ ዳኛ አይደለም። ቅጣቱ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን መስማት ሥራው አይደለም፣ ቢሰማዎትም የመሰረዝ ሥልጣን የለውም። በእጁ ያለው የመሰብሰቢያ ትእዛዝ ብቻ ነው። ያንን ትእዛዝ የሚያስቆመው ኖርዝሃምፕተን ከተማ ወዳለው ማዕከል የሚላክ ቅጽ እንጂ በር ላይ የሚደረግ ክርክር አይደለም። ብዙ ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው ከማይመለከተው ሰው ጋር ሲጨቃጨቅ ነው።

1. ደብዳቤውን ማን እንደላከው ይለዩ

መንገድ ላይ ሁሉም «ቲኬት» ይባላል፤ በሕግ ግን ቢያንስ ሦስት ዓይነት አለ። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ የሚወስዱት እርምጃ ሁሉ ሊስት ይችላል።

የመጀመሪያው የካውንስል ወይም የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ፔናልቲ ቻርጅ ኖቲስ ነው። ይህ ካልተከፈለ ካውንስሉ መደበኛ የፍርድ ቤት ክስ ሳይመሠርት ዕዳውን ኖርዝሃምፕተን በሚገኘው ትራፊክ ኢንፎርስመንት ሴንተር ያስመዘግብና ቤሊፍ ይልካል። ማዕከሉን ከዚህ በኋላ በአጭሩ ቲኢሲ እንበለው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም ይህ ዓይነቱ ቅጣት ነው።

ሁለተኛው የሱፐርማርኬት ወይም የሆስፒታል መኪና ማቆሚያ የሚያስተዳድሩ የግል ድርጅቶች የሚልኩት ፓርኪንግ ቻርጅ ኖቲስ ነው። ስሙ ሆን ተብሎ የተቀራረበ ይመስላል፤ ወረቀቱም ቢጫና ጥቁር ነው። ድርጅቱ ግን ካውንቲ ኮርት ከሶ ሳይፈረድለት ቤሊፍ መላክ አይችልም። «ዴት ኮሌክተር» ነኝ የሚል ደብዳቤ ከመጣ፣ ያ ሰው በር ላይ ቆሞ ከመጠየቅ ያለፈ ሥልጣን የለውም። ይህ ማለት ግን ደብዳቤው ችላ ይባል ማለት አይደለም። የካውንቲ ኮርት ክስ ሲመጣ በጊዜው ካልመለሱ በሌሉበት ይፈረድብዎታል፤ ፍርዱ በአንድ ወር ውስጥ ካልተከፈለም የብድር ታሪክዎ ላይ ይቀመጣል።

ሦስተኛው እንደ ፍጥነት ያሉ የወንጀል ጥፋቶች ላይ የማጂስትሬት ፍርድ ቤት የሚጥለው ቅጣት ነው። የዚህ ቤሊፍ ሥልጣን ይበልጣል፤ አስገድዶ እስከ መግባት ይደርሳል። ከታች ስለ በር የተጻፈውን ለዚህ እንዳይጠቀሙበት።

2. ነገሩ የት ደረጃ ላይ እንደደረሰ ይወቁ

የካውንስል ቅጣት በደረጃ ነው የሚያድገው። በየደረጃው አንድ በር ይዘጋል፣ ሌላ ጠበብ ያለ በር ይከፈታል። ከለንደን ውጭ ባለ ከተማ 70 ፓውንድ የተቀጡ እንበል።

በ14 ቀን ውስጥ ከከፈሉ ግማሹን፣ 35 ፓውንድ ብቻ ይከፍላሉ። በካሜራ ተይዞ በፖስታ ለመጣ የፓርኪንግ ቅጣት የቅናሹ ጊዜ 21 ቀን ነው። ካልከፈሉ በመኪናው የምዝገባ ሰነድ፣ በሎግ ቡኩ፣ ላይ ወዳለው ስምና አድራሻ ኖቲስ ቱ ኦውነር የሚባል ደብዳቤ ይመጣል። ለመቃወም 28 ቀን አለዎት፤ ካውንስሉ ውድቅ ካደረገብዎት ነጻ ወደሆነ ትሪቡናል ይግባኝ ማለት ይቻላል፣ ክፍያም የለውም። ለንደን ውስጥ ለንደን ትሪቡናልስ፣ ከለንደን ውጭ ትራፊክ ፔናልቲ ትሪቡናል ይባላል።

እነዚህ ቀናት በዝምታ ካለፉ ቻርጅ ሰርቲፊኬት ይወጣና ቅጣቱ በግማሽ ይጨምራል፤ 70ው 105 ይሆናል። በ14 ቀን ካልተከፈለ ዕዳው ቲኢሲ ዘንድ ይመዘገባል፤ የምዝገባው 10 ፓውንድ ገደማ ተደምሮ ኦርደር ፎር ሪከቨሪ የሚባል ትእዛዝ ይደርስዎታል። ለመክፈል ወይም መልስ ለመስጠት 21 ቀን ይሰጥዎታል። ከዚህ በኋላ ካውንስሉ የመያዣ ትእዛዝ ያወጣና ለቤሊፍ ድርጅት ያስረክባል።

የቤሊፉን ክፍያ ሕግ ነው የሚወስነው። ደንቡ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በተቆረጠው ዋጋ እንኳ ቢሰላ፣ ፋይሉ እጁ ሲገባ 75 ፓውንድ፣ ቤትዎ ሲመጣ 235፣ መኪናው ለሽያጭ ሲወሰድ ደግሞ 110 ይጨመራል። በ35 ፓውንድ ያልቅ የነበረው ነገር ቤሊፉ አንድ ጊዜ ደጅዎ በመምጣቱ ብቻ 425 ደረሰ ማለት ነው። ዋጋው ስለሚሻሻል፣ የደረሰዎትን ሂሳብ መንግሥት በድረ ገጹ ካወጣው ጋር ያስተያዩ። በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ «የደብዳቤ»፣ «የካርድ» ወይም «የአስተዳደር» ክፍያ ካዩ ይጠይቁ።

የት እንደደረሰ ካልገባዎት ለካውንስሉ የፓርኪንግ ክፍል ወይም ለቲኢሲ ይደውሉ። በእጅዎ የቅጣቱ ቁጥርና የመኪናው ታርጋ ይኑር። መጠየቅ ያለብዎት ሦስት ነገር ነው፤ ትእዛዙ መቼ ወጣ? ወደ የትኛው አድራሻ ተላከ? ዕዳው የስንት ቲኬት ነው? የሁለተኛው ጥያቄ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ቀጣዩን እርምጃ ይወስናል።

3. ደብዳቤው ካልደረሰዎት ቅጹን ይሙሉ

የዚህ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ።

የፓርኪንግ ቅጣት ከሆነ ቅጹ ቲኢ9 ይባላል። የ21 ቀኑ ጊዜ ካለፈ ለምን እንደዘገዩ የሚያስረዳ ቲኢ7 አብሮት ይላካል። የለንደን ኮንጀስሽን ቻርጅ ወይም ለንደን ውስጥ የተከለከለ መታጠፊያን የመሰለ ቅጣት ከሆነ ቅጾቹ ፒኢ3 እና ፒኢ2 ናቸው። የትኛው እንደሚመለከትዎት ትእዛዙ ላይ ተጽፏል። ቅጾቹ ከመንግሥት ድረ ገጽ በነጻ ይገኛሉ፣ ለማስገባትም ክፍያ የላቸውም። «እኔ ልሙላልህ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎት ይመልሱት።

ቲኢ9 የሚቀበለው ጥቂት ምክንያቶችን ብቻ ነው። ኖቲስ ቱ ኦውነር አልደረሰኝም፤ ተቃውሞ አስገብቼ ነበር፣ መልስ አልደረሰኝም፤ ለትሪቡናሉ ይግባኝ ብዬ ነበር፣ ምላሽ አላገኘሁም፤ ቅጣቱን ከፍያለሁ። ከእነዚህ እውነተኛ የሆነውን አንዱን ብቻ ምልክት ያደርጉበታል። «ምልክቱ በዛፍ ተሸፍኖ ነበር»፣ «ልጄን ትምህርት ቤት ላወርድ ሁለት ደቂቃ ነው የቆምኩት» የሚለው እውነት ቢሆንም ቦታው እዚህ አይደለም። ስለ ቲኬቱ ተገቢነት መከራከር የሚቻለው ነገሩ ወደ ኋላ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ቲኢ7 ላይ ያለችው ባዶ ቦታ ጠባብ ናት፤ ጠባብ መሆኗም ደግ ነገር ነው። የስደት ታሪክ፣ የታመመ ቤተሰብ፣ የካውንስሉ በደል ሁሉ እዚያ ውስጥ ሲጨመቅ ያየሁበት ጊዜ ብዙ ነው። አንባቢው የሚፈልገው ቀን ነው። ይዘቱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፤ «የድሮውን ቤት የለቀቅሁት በዚህ ቀን ነው። ደብዳቤዎቹ የተላኩት ወደዚያ ነው። ስለ ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅሁት በዚህ ቀን የቤሊፉ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ነው። ይህን ቅጽ የሞላሁት ከዚያ በኋላ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ነው።» ከዚያ የአዲሱን ቤት የኪራይ ውል ወይም የካውንስል ታክስ ደብዳቤ ቅጂ አያይዙ።

ካውንስሉ «አድራሻውን ማስተካከል የራሱ ግዴታ ነበር» ብሎ ሊቃወም ይችላል፤ ይህን አስቀድመው ይጠብቁ። ለመኪናና መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ለዲቪኤልኤ አሳውቀው ከነበረ ማስረጃውን ያያይዙ። አላሳወቁም ከሆነ አይዋሹ፣ የሆነውን ይጻፉ። ቲኢ9 ላይ የሚፈርሙት እውነት መሆኑን አረጋግጠው ነው፤ ፒኢ3 ደግሞ በጠበቃ ወይም በፍርድ ቤት ሠራተኛ ፊት ተምሎ የሚፈረም ነው። እያወቁ ሐሰት መጻፍ በሕግ ያስጠይቃል፣ እስራትም ሊያስከትል ይችላል። ደብዳቤው ደርሶዎት ሳይከፍቱት ከቀሩ «አልደረሰኝም» ማለት አይችሉም።

ሁለቱን ቅጾች አንድ ላይ ይላኩ፤ አንዱ ብቻ ከሄደ ይመለሳል። በኢሜይል ከላኩ የደረሰበትን ማረጋገጫ ያስቀምጡ። ወዲያው ለቤሊፉ ድርጅትም ቅጂውን ልከው «ለቲኢሲ አመልክቻለሁ፣ እስኪወሰን እንዲቆም» ብለው በጽሑፍ ያሳውቁ። ማመልከቻው ሲመዘገብ ቲኢሲ ለካውንስሉ ያሳውቃል፤ ቤሊፉንም እንዲያቆም የሚያዘው ካውንስሉ ነው። መልእክቱ በመካከል የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ ራስዎ ቢያሳውቁ ይሻላል።

ተቀባይነት ካገኘ ትእዛዙ ይሻራል፣ የቤሊፉ ክፍያም አብሮ ይወድቃል። ቲኬቱ ግን አልተሰረዘም። ካውንስሉ አዲስ ኖቲስ ቱ ኦውነር ሊልክ ይችላል፤ ሲመጣ በጊዜው ይክፈሉ ወይም ይቃወሙ። «ኖርዝሃምፕተን ፈታልኝ» ብለው ሁለተኛውን ደብዳቤ ጥለው እንደገና ቤሊፍ የመጣባቸው ሰዎች አሉ፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚያዝንልዎት አያገኙም።

ውድቅ ከሆነብዎት በ14 ቀን ውስጥ ኤን244 በተባለ ቅጽ ዳኛ እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል። ይህኛው ክፍያ አለው። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ ወይም ድጎማ የሚቀበሉ ከሆነ ኢኤክስ160 በሚባለው ቅጽ እንዲቀነስልዎት ወይም እንዲቀርልዎት ያመልክቱ።

4. የሰባቱን ቀን አያባክኑ

ቤሊፉ ከመምጣቱ በፊት ኖቲስ ኦፍ ኢንፎርስመንት የሚባል ደብዳቤ መላክ ግዴታው ነው። ከዚያ ቢያንስ ሰባት ሙሉ ቀን ይሰጥዎታል፤ እሑድና የመንግሥት በዓል አይቆጠሩም። በዚህ ጊዜ የተጨመረብዎት የመጀመሪያው ክፍያ ብቻ ነው። ትልቁ ጭማሪ የሚመጣው እግሩን ሲያነሣ ነው።

ዕዳው ትክክል ከሆነና መክፈል ከቻሉ ዛሬውኑ ለቤሊፉ ድርጅት ይክፈሉ። ካልቻሉ ገቢና ወጪዎን በአንድ ገጽ ጽፈው በየወሩ ስንት እንደሚችሉ ያቅርቡ። የማይችሉትን ቃል አይግቡ፤ አንድ ክፍያ ካለፈ ስምምነቱ ይፈርሳል። ስልክ ላይ የተነገረውን ሁሉ ከደቂቃዎች በኋላ በኢሜይል «በተነጋገርነው መሠረት» ብለው ይላኩ።

በዚህ ደረጃ የካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ገብተው የመጀመሪያውን ቅጣት ብቻ ከፍለው «ጨረስኩ» እንዳይሉ። ከገንዘቡ አስቀድሞ የቤሊፉ የመጀመሪያ ክፍያ ይነሣል፣ የቀረው ለዕዳውና ለክፍያዎቹ ይከፋፈላል፣ ለጎደለውም ቤሊፉ ይመጣል።

ዕዳው ብዙ ከሆነ ሲቲዝንስ አድቫይስ፣ ናሽናል ዴትላይን ወይም ስቴፕቼንጅ ዘንድ ያለ ክፍያ ምክር ያገኛሉ። በ2021 በተጀመረው ብሪዚንግ ስፔስ አማካይነት አማካሪው ካስመዘገበልዎት አብዛኛው ዕዳ፣ የካውንስል ፓርኪንግ ቅጣትን ጨምሮ፣ ለ60 ቀን ይቆማል። አስተርጓሚ ይጠይቁ። የአሥር ዓመት ልጅን የሕግ አስተርጓሚ ማድረግ ለልጁም ለጉዳዩም አይበጅም።

5. በሩ ላይ

ቤሊፍ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት መምጣት ይችላል፤ እንግሊዞቹ ከ6 እስከ 9 እንደሚሉት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በማለዳ ነው፣ መኪናው ገና ደጅ ሳለ።

ለፓርኪንግ ዕዳ ቤሊፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ በር ሰብሮ፣ ገፍቶ ወይም እግሩን በሩ መካከል አስገብቶ መግባት አይፈቀድለትም። በመስኮት መግባትም አይችልም። ያልተቆለፈ በር ከፍቶ መግባት ግን ይችላል። «ይግቡ» ከተባለም ይገባል። የእኛ ሰው ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ደጅ የቆመን ሰው ብርድ ላይ ማናገር ነውር ይመስለናል፤ «ግቡ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር» እንላለን፣ ቡናም እንጥዳለን። ቤሊፉ ገብቶ ሳሎን ውስጥ ያለውን ቴሌቪዥን ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ ያ እንግዳ ተቀባይነት ዋጋ ያስከፍላል። አክብሮትን ደጅ ላይም ማሳየት ይቻላል። በሩን ቆልፈው በመስኮት ወይም በደብዳቤ ማስገቢያው ቀዳዳ ያናግሩት።

መጀመሪያ መታወቂያውንና የመያዣ ትእዛዙን እንዲያሳይ ይጠይቁ። በመስኮት በኩል ያንብቡት፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ማንኛውም ቤሊፍ ከካውንቲ ኮርት የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ ስሙን የፍትሕ ሚኒስቴሩ ኢንተርኔት ላይ ባስቀመጠው መዝገብ ይፈልጉ። ንግግሩን መቅዳት ይችላሉ። እሱም ደረቱ ላይ ካሜራ ይዞ ሊሆን ስለሚችል ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ስድብና ማስፈራራት ነገ ለአቤቱታዎ ጠንቅ ነው። ሆን ብሎ ሥራውን ማደናቀፍም ወንጀል ነው። ፖሊስ ጠርቶ ከመጣ ፖሊሱ የሚመጣው ጠብ እንዳይነሣ እንጂ በር ሊያስከፍት አይደለም።

ቤት ውስጥ ያሉት ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ብቻ ከሆኑ መግባት አይችልም። ልጆችዎን «እናትና አባት የሉም» ብለው በሩን ሳይከፍቱ እንዲመልሱ ያስተምሯቸው። በጋራ በተከራዩት ቤት ከሆነ የሚኖሩት አብረዎት ለሚኖሩት ሁሉ ይንገሩ፤ ሌላው ተከራይ ከከፈተለት ገብቷል። የእነሱ ንብረት ግን ለእርስዎ ዕዳ አይያዝም። አልጋ፣ ማቀዝቀዣ፣ ምድጃ፣ ልብስ ማጠቢያና አንድ ስልክም ከመያዝ ነጻ ናቸው።

ኮንትሮልድ ጉድስ አግሪመንት የሚባል ወረቀት ሊያስፈርምዎት ይሞክር ይሆናል። ስሙ የክፍያ ስምምነት ይመስላል፤ ነገር ግን የተዘረዘረው ንብረት በእሱ ቁጥጥር ሥር ይገባል። ክፍያ ካሳለፉ ተመልሶ፣ አስቀድሞ አሳውቆ፣ ገብቶበት ወደነበረው ቤት አስገድዶ ሊገባ ይችላል። ያልገባዎትን አይፈርሙ። «በቋንቋዬ አማካሪ ሳላናግር አልፈርምም» ማለት መብትዎ ነው።

ስለ ቋንቋ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። መንግሥት በ2014 ያወጣው የቤሊፎች የሥነ ምግባር መለኪያ እንግሊዝኛ መናገር፣ ማንበብ ወይም መረዳት በግልጽ የሚያስቸግራቸውን ሰዎች ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን ይቆጥራቸዋል። ከአረጋውያን፣ ከነፍሰ ጡሮች፣ ከታመሙና ልጅ ብቻቸውን ከሚያሳድጉ ጋር ማለት ነው። ጥንቃቄ ለሚሻ ሰው ምክር የሚያገኝበት ጊዜ ሳይሰጥ ንብረቱን የወሰደ ቤሊፍ የመምጫ ክፍያውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ሁኔታዎን በግልጽ ይናገሩ፣ ከዚያ ለድርጅቱና ለካውንስሉ በጽሑፍ ይላኩ። «እንግሊዝኛ አልችልም» ማለት የሚያሳፍር ከመሰለዎት ክፍያውን ያስቡት።

የሚፈለገው ሰው እርስዎ ካልሆኑ፣ ለምሳሌ ከእርስዎ በፊት የነበረው ተከራይ ከሆነ፣ ዝም አይበሉ። መታወቂያዎንና የኪራይ ውልዎን በመስኮት ያሳዩ፣ ቅጂውን ለድርጅቱ ይላኩ።

6. መኪናው ከተያዘ

ቤሊፍ መኪና ለመያዝ በር ማስከፈት አያስፈልገውም። ታርጋ የሚያነብ ካሜራ በተገጠመላቸው መኪናዎች መንገዱን ይዞራሉ፤ ሲያገኙ ያቆሙና ይቆልፋሉ። የሕዝብ መንገድ ላይ ወይም የእርስዎ ግቢ ውስጥ ያለ መኪና ይያዛል። የሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ለመግባት ግን የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ክላምፕ ከታሰረ መኪናው ተጎትቶ ከመወሰዱ በፊት ቢያንስ ሁለት ሰዓት እዚያው መቆየት አለበት። እነዚያን ሁለት ሰዓታት ሰው ለማሰባሰብ አያጥፏቸው። የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ሰዓቱ እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሱ፣ መኪናውን ከአራት አቅጣጫ ያንሱ፣ ውስጥ ያለውን ዕቃ ያውጡ። ከዚያ ከሚከተሉት የሚመለከትዎት ካለ ማስረጃውን ይላኩ።

መኪናው በሊዝ ወይም በሃየር ፐርቼዝ የተያዘ ከሆነ ባለቤቱ ገና የፋይናንስ ድርጅቱ ነው፤ ውሉን ያሳዩ፣ ለድርጅቱም ይደውሉ። የሚሰራ የአካል ጉዳተኛ ብሉ ባጅ መስታወቱ ላይ ካለ አይያዝም። የሥራ መሣሪያ ከሆነም ሕጉ ያግዛል፣ ግን ሌላውን የሥራ መሣሪያ ጨምሮ በጠቅላላው እስከ 1,350 ፓውንድ ለሚያወጣ ብቻ ነው። አዲስ ፕሪየስ የሚነዳ የሚኒካብ ሹፌር «እንጀራዬ ነው» ቢል እውነቱን ነው፤ ሕጉ ግን በዚህ መጠን አይሸፍነውም። አሮጌ ቫን ላላት ጽዳት ሠራተኛ ግን ይጠቅማታል።

መኪናው የባለቤትዎ ወይም የወንድምዎ ከሆነ ባለንብረቱ ራሱ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ወዲያው፣ ቢዘገይ መኪናው ከተወሰደ በሰባት ቀን ውስጥ። ሎግ ቡክ ብቻውን የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም፣ ራሱ ሰነዱ ላይም ተጽፏል። የግዢ ደረሰኝና ገንዘቡ የወጣበት የባንክ ወረቀት ይጨመርበት።

እዚህ ላይ በየካፌው የሚሰጠው ምክር «ቶሎ ሎግ ቡኩን በእህትህ ስም አዙረው» ነው። አይሠራም። የኢንፎርስመንት ደብዳቤው ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ንብረትዎ በዕዳው ታስሯል፤ ስም ማዞር ያንን አይፈታም፣ እህትዎን ግን ጣጣ ውስጥ ያስገባታል። ሁለተኛው ምክር ክላምፑን በመቁረጫ መቁረጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ወንጀል ነው፣ ከፓርኪንግ ቅጣት ወደ ወንጀል መዝገብ መሸጋገር ማለት ነው።

መኪናው ከተወሰደ ማስቀመጫው በየቀኑ ሊያስከፍል ስለሚችል ቀን አይቁጠሩ። ከተወሰደ በኋላ ለሽያጭ ቢያንስ ሰባት ቀን መጠበቅ አለባቸው። ከፍለው ካስለቀቁ ሂሳቡ በዝርዝር የተጻፈበትን ደረሰኝ ሳይዙ አይሂዱ። ከአንድ ካውንስል ብዙ ቲኬት ኖሮብዎት ቤሊፉ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስፈጸም ሲችል ለእያንዳንዱ የመምጫ ክፍያ ከቆጠረብዎት፣ አቤቱታ የሚገባው ነገር ነው።

7. አቤቱታ

በቅድሚያ ለቤሊፉ ድርጅት፣ ቅጂውን ለላከው ካውንስል ይጻፉ፤ ድርጅቱ የሚሠራው በካውንስሉ ስም ስለሆነ ኃላፊነቱ ከካውንስሉ ላይ አይወርድም። ቀን፣ ሰዓት፣ የተባለው ቃል፣ ፎቶ። መልሱ ካላረካዎት፣ ካውንስሉ እንግሊዝ ውስጥ ከሆነ በእሱ በኩል ወደ ሎካል ገቨርንመንት ኦምቡድስማን፣ በቤሊፉ በኩል በ2022 ወደተቋቋመው ኢንፎርስመንት ኮንዳክት ቦርድ መሄድ ይቻላል። ቤሊፉ ለሥራው የማይበቃ ነው የሚያሰኝ ከባድ ጥፋት ከሆነ የምስክር ወረቀቱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ኢኤሲ2 የተባለ ቅጽ ይቀርባል፤ መሠረት የሌለው ከሆነ ወጪ ሊያስከፍልዎት ስለሚችል ግን አስቀድመው አማካሪ ያናግሩ።

8. ሎግ ቡኩን ያስተካክሉ

ይህን ሁሉ ጨርሰው አድራሻው የድሮው ከሆነ የሚቀጥለው ቲኬት በዚያው መንገድ ይመጣል። መንጃ ፈቃድ ላይ አድራሻ መቀየር ሎግ ቡኩን አይቀይረውም፤ ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚስተካከሉት። ሁለቱም በዲቪኤልኤ ድረ ገጽ በነጻ ይሠራሉ። አለማስተካከል ራሱ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል። ከድርጅት ተከራይተው ኡበር ወይም ቦልት የሚሠሩ ከሆነ ሎግ ቡኩ በድርጅቱ ስም ነው፤ ቅጣቱ ሲመጣ ድርጅቱ ለካውንስሉ የሚሰጠው በኪራይ ውሉ ላይ ያለውን አድራሻዎን ስለሆነ እሱን ያሳድሱ። ቤት በለቀቁ ቁጥር ሮያል ሜይል ደብዳቤዎን ወደ አዲሱ እንዲያዞርልዎት ማስመዝገብ ይቻላል፤ ገንዘብ ያስከፍላል፣ ግን ቤሊፍ ከሚያስከፍለው ይረክሳል።

መኪና ሲሸጡ ደግሞ ገዢው ሰነዱን እስኪልክ አይጠብቁ። መሸጥዎን ያኔውኑ እዚያው ቆመው በስልክዎ ለዲቪኤልኤ ያሳውቁ፤ የሚመጣውን ማረጋገጫ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ገዢው በሳምንቱ የአውቶቡስ መስመር (ባስ ሌን) ላይ ቢያዝ ቅጣቱ የሚመጣው ሎግ ቡኩ ላይ ስሙ ወዳለው ሰው ነው።